የበረት እጣቢ

ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ጀርባ አራት ላሞች ያሏቸው እናት ነበሩ። ስማቸው ቀርቶ “እማማ ወተት” እንላቸው ነበር። ማለዳ ጣሳዬን ይዤ እሮጣለሁ። ረፋዱ ላይ በረታቸው ሲታጠብ ደግሞ ፋንድያና ሽንት የተቀላቀለበት ጥቁር እጣቢ በአጥራችን ሥር አልፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ታማርራለች፤ ማታ ግን በዚያው ወተት ሻይ ታፈላልናለች። የከተማ ሰው እንዲህ ነው!

በመጨረሻ ጎረቤቱ አደመ። የአቤቱታውን ደብዳቤ የጻፍኩት፣ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ፣ እኔው ነኝ። ላሞቹ ተሸጡ። እማማ ወተት ከዚያ ወዲያ ሰላም አላሉኝም።

በቅርቡ ስለ በረት እጣቢ ሳነብ ያ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ለካስ ወንዙን የሚጎዳው በእጣቢው ውስጥ የተረፈው ምግብ ነው! ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ለማሳ ማዳበሪያ፣ ለወንዝ መቅሰፍት ናቸው። ይህን ምግብ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ የሚበላ ፍጥረት አለ፤ አልጌ ይሉታል፣ በትምህርት ቤት ዋቅላሚ ያልነው። ለቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን የሰጠው የእርሱ ወገን ነው። አልጌ ሲመገብ ኦክስጅን ይለቃል፤ በዚያ ኦክስጅን ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ያብላላሉ። ዊልያም ኦስዋልድ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህንን በካሊፎርኒያ ማጥናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው።

ችግሩ፣ አልጌው ራሱ በዓይን የማይለይ ደቃቅ ስለሆነ ከውሃው ለቅሞ ማውጣት አድካሚ ነው። እዚህ ላይ የውሃ ቁንጫ ትመጣለች። ስሟ ቁንጫ ይሁን እንጂ ዘመዷ ሽሪምፕ ነው፤ ቁመቷም ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። በእግሮቿ ውሃውን እያጣራች አልጌውን ትውጣለች። እርሷን ደግሞ ዓሣ ይበላታል።

ነገሩ ግን ተአምር አይደለም። ጥሬው እጣቢ ጥቁር ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም፤ አሞኒያውም ቁንጫዋን ይገድላል። ስለዚህ አስቀድሞ መጥለልና በንጹሕ ውሃ መቅጠን አለበት። ሲወጣም ለመጠጥ አይሆንም። ቦታ ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል።

እኛ ያጣነው እርሱን ነበር። አራት ላም ያላቸው እናት ብቻቸውን ገንዳ ይሠሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ወተቱን ሁላችንም ጠጥተን፣ እጣቢውን የእርሳቸው ብቻ አደረግነው። ያን ደብዳቤ ዛሬ ብጽፈው “ይነሡልን” አልልም፤ “ጉድጓዱን አብረን እንቆፍር” እል ነበር።