የአርብ ከሰዓት ፊልም

አርብ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ፣ ሸቻ

የእንግሊዝኛ ክበቡ ልጆች አክሽን ፊልም ነበር የጠበቁት። ያመጣሁላቸው ግን በ1957 እ.ኤ.አ. የተሠራውን፣ ከሞላ ጎደል አንድ ክፍል ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቀውን የሲድኒ ሉሜትን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ነው፤ 12 የጁሪ አባላት በአንድ የግድያ ክስ ላይ ይከራከሩበታል። «ቲቸር፣ ከለርም የለው?» አለኝ አንዱ።

ሽማግሌው ምስክር ከአልጋው ተነስቶ በሩ ጋ የደረሰው በ15 ሰከንድ ነው ማለቱ የሚመረመርበት ቦታ ላይ አቆምኩት። ዴስኮቹን ገፋ ገፋ አድርገን መተላለፊያ አበጀን። አንዱ እያነከሰ ተራመደ፣ አንዷ በስልኳ ሰዓት ያዘች። ከ30 ሰከንድ በላይ ወሰደበት። «ዋሽቷላ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ዋሽቷል ወይስ ተሳስቷል? ስላቸው ክርክሩ ጦፈ፤ እንግሊዝኛው ሲያጥራቸው አማርኛም ጋሞኛም እየገባበት። ፊልሙን ስለቀው 41 ሰከንድ አለ፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሻይ ላይ አንድ ባልደረባዬ «ይሄ ለፈተናው ምን ይፈይድላቸዋል?» አለኝ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ናቸው።

እኔ ግን ትዝ ያለኝ ፕላዝማ፣ ያ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት ነው። 9ኛ ክፍል የገባሁት እሱ በተጀመረበት በ1997 ነበር። የቴሌቪዥኑ መምህር ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ እጅ ብናወጣ አያየን። ፊልምም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝም ብሎ ከታየ ያው ፕላዝማ ነው። ጥቅሙ እዚህ ጋ ይቁም ማለት መቻሉ ላይ ነው።

አርብ፣ ኅዳር 13

እኛ ጋ የሚፈርደው ዳኛ እንጂ ጁሪ አይደለም፤ እሱን ማስረዳት ሊከብደኝ ነው ብዬ ስዘጋጅ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ «ይሄማ ዱቡሻ ነው» ብሎ፣ የጋሞን ባህላዊ ሸንጎ ጠርቶ፣ ገላገለኝ። ሌላው ቀጠለ፦ ዱቡሻ በአደባባይ ነው፣ በር አይቆለፍም፤ ድምፅም አይቆጠርም፣ እስኪስማሙ ነው የሚነጋገሩት። «እነዚህስ 12ቱም ካልተስማሙ መች ይወጣሉ?» አለች አንዷ።

ከዚያ መስከረም 2011 ተነሳ። ጋሞዎች ከተገደሉበት ከቡራዩው ግድያ በኋላ ለበቀል የወጡትን ወጣቶች የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሷቸው እዚሁ ከተማ ነው። ልጆቹ ያኔ ትንንሽ ቢሆኑም ያስታውሳሉ። ሽማግሌዎቹን፣ በፊልሙ 11ዱን ብቻውን ከተከራከረው ሰውዬ ጋር አመሳሰሏቸው። ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ አልተዋጠላትም፦ ሽማግሌዎቹ ለመኑ እንጂ ማስረጃ አላቀረቡም፤ ታዲያ ወጣቶቹ የተመለሱት አምነው ነው ወይስ አፍረው? የስድስት ዓመቱን ነገር ሁሉ በአሁን ጊዜ ግስ ነው የተናገረችው። አላረምኳትም። ግሱ ሰኞም ይደርሳል።

ለሚቀጥለው «ድፍረት»ን መርጠዋል፣ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪን። በአማርኛ የተሠራ ፊልም ለእንግሊዝኛ ክበብ አይሆንም ያሉ አሉ። ጠላፊዋን የገደለች ልጅ ነፃ መውጣት አለባት ወይስ የለባትም የሚለውን በእንግሊዝኛ እስከተሟገቱልኝ ድረስ ፊልሙ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን።