ሩር የሌለው ገና

የታላቁ ሩጫ ካናቴራዎች መጨረሻቸው የት እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው በገበያ ቀን መሐል ሜዳ ድረስ ይውጣ። በኅዳር ወር በአንድ እሑድ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ የተለበሰው ካናቴራ፣ ለከተማ ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በዘመድ ሻንጣ ተጠቅልሎ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ መንዝ ይገባል። እዚህ ከባና ሥር ይለበሳል። በምሠራበት ባንክ መስኮት ፊት ከተሰለፉት ገበሬዎች አንዱ ሊፈርም ባናውን ወደ ትከሻው ሲመልስ የሩጫው ስም ደረቱ ላይ ብቅ ይላል። እኔም ገንዘብ እየቆጠርኩ፣ ከቀለሙ ተነሥቼ የየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ለመገመት እሞክራለሁ። ባለ ካናቴራው ግን ከበግ ኋላ ካልሆነ በቀር ሮጦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መነሻ ያደረገው እንግሊዛዊው የቀድሞ ሯጭ ብሬንዳን ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1981 በኒውካስል የመሠረተውን የሕዝብ ሩጫ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ እሑድ 10,000 ሰው ለ10 ኪሎ ሜትር ተሰለፈ፤ ከወንዶች ኃይሌ ራሱ፣ ከሴቶች ብርሃኔ አደሬ ቀደሙ። የተሳታፊው ቁጥር ውሎ አድሮ ከ40,000 በላይ ሆኗል። የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ እንኳ ሩጫው ተሳታፊ ቀንሶ ከኅዳር ወደ ጥር 2013 ዓ.ም. ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ስለ አሸናፊዎቹ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ለእነርሱ የስፖርት ጋዜጠኞች አሉላቸው። የእኔ ጉዳይ ከኋላ ከሚመጣው ሕዝብ ጋር ነው።

እኔ የሮጥኩት በ2003 ዓ.ም. ተማሪ ሳለሁ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ «አዲስ አበባ ለእኔ ቆላ ነው» እያልኩ ለጓደኞቼ ስፎክር ሰንብቼ ነበር። ከመስቀል አደባባይ ሳንወጣ ግን ፉከራው ትርጉም አጣ፤ መሮጫ ቦታ የለምና። ሰው በሰው ላይ ተጨናንቆ፣ ጥቂት እየሮጠ ብዙ እየተራመደ፣ ከዳር ውኃ እየተረጨበት፣ እየጨፈረ ይሄዳል። ከፊቴ አንድ መምህራችን ነበሩ። በክፍል ውስጥ ዐይናቸውን ለማየት የምንፈራቸው ሰው በቁምጣ ሆነው ያለከልካሉ። ከጎናቸው ደግሞ የግቢያችን ጥበቃ የነበረ ጎልማሳ ነበር። ይህ ሰው ምንም ሳያቅማማ ስለ መምህሩ ቁምጣ ሁለት ስንኝ አወጣ፤ ዙሪያው ያለው ሕዝብ ተቀበለ። መምህሩ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው ሳቁ፤ ቆይተውም እርሳቸው ራሳቸው አብረው ተቀበሉ። ሰኞ ጠዋት ጥበቃው እንደ ወትሮው ከመቀመጫው ተነሥቶ በር ላይ አሳለፋቸው።

ይህን ወግ አውቀዋለሁ፤ ያደግኩበት ነው። በእኛ አገር በገና ዕለት ጌታ በሎሌው አይቆጣም። ሰው ከቅዳሴ መልስ በልቶ ጠጥቶ ወደ ሜዳ ይወርዳል፤ ላይኛው ሰፈር ከታችኛው ሰፈር ይገጥማል። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፣ ዳኛም የለም። ሩሯ በቆልማማ ዱላ እየተመታች ስትሄድ ቄሱም፣ ባለ ርስቱም፣ እረኛውም እኩል ቁርጭምጭሚታቸውን ይመታሉ። ያሸነፈው ወገን ማታ ተሸናፊውን በግጥም ሲሰድብ፣ ስድቡ ስም እየጠራ፣ የሚስትን ወጥ የባልን ስስት እያነሣ ይወርዳል። በነጋታው ማንም ማንንም አይከስስም። የእኛ ከተማ ስሟ ራሱ ሜዳ ነውና፣ ይህ ጨዋታ ከከተማዋ በፊት የነበረ ይመስለኛል። ስለዚህም ያን እሑድ መስቀል አደባባይ ላይ ቆሜ፣ አዲስ አበባ ለራሷ ሩር የሌለው ገና ሠርታለች ብዬ አሰብኩ።

ግጥም የምወድ ሰው በመሆኔ እግሬ ቢደክምም ጆሮዬ አልደከመም። አውጪው አንድ ነው፤ ተቀባዩ መቶም ይሆናል፣ ሺህም ይሆናል። ስለ ኑሮ ውድነት ይወጣል፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ፍቅር፣ በአንዳንድ ዓመትም በሌላ ቀን ጮክ ብሎ የማይነገር ነገር ይወጣል። የገረመኝ ግን የስንኙ ልክ ነው። በመነሻው ላይ አውጪው ረዘም ያለ ስንኝ ይዞ ይጀምራል። ዳገት ሲመጣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ትንፋሽ ሲያጥር ስንኙም ያጥራል፤ በስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከግጥሙ የሚቀረው ሁለት ቃልና አንድ ቤት መምቻ ብቻ ነው። አብዛኛው የጽሑፍ ግጥማችን በዚህ ዳገት ቢያልፍ ምን ያህሉ ይተርፍ ነበር እላለሁ፤ የእኔንም ጨምሬ። እነዚያን ስንኞች በማስታወሻ ደብተሬ ልጽፋቸው ሞክሬ ነበር፤ ወረቀት ላይ ሲያርፉ ግን አንገታቸውን ደፉ። የሚኖሩት ተቀባይ ባለበት ነው።

በእርግጥ ገና ካናቴራ አይሸጥም። የታላቁ ሩጫ መግቢያው ካናቴራው ነው፤ የሚገዛም ብር ያለው ነው፤ እርሱም ቶሎ ያልቃል። የባንክ ሠራተኛ ሆኜ በገንዘብ ላይ መነጫነጭ አያምርብኝም፤ ዘበኛና ሾፌር የሚከፍል ነገር በነጻ እንደማይደግስም አውቃለሁ። ሆኖም የሕዝብ በዓል የሚለካው ካልከፈለው ሰው ጋር በሚያደርገው ነገር ይመስለኛል። በሮጥኩበት ዓመት ካናቴራ ያልለበሱ ሊስትሮዎች ሣጥናቸውን በትከሻቸው አንግተው መሐላችን ገብተው ነበር። ከሁላችንም ይልቅ እነርሱ ይሮጡ ነበር።

ወደ አገሬ ልመለስ። ባለፉት ዓመታት የገና ሜዳችን ሳስቷል። ድሮም ጎልማሶቹ ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ደብረ ብርሃን እየወረዱ ዱላ የሚይዘው ልጅና ሽማግሌ ሆኖ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ጦርነት ገባ፤ ብዙ ሰው ከአንድ ሜዳ ላይ ሲሰበሰብ የሚያስደስተን መሆኑ ቀርቶ የሚያስደነግጠን ሆነ። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። አባቴ በወጣትነቱ የታችኛው ሰፈር አውጪ ነበር። ዱላው ዛሬም ከበሩ ኋላ ቆሞ አለ፤ እናቴ አንዳንድ ጊዜ ውሻ ታባርርበታለች።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር፣ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት፣ ስልኩም እንደ ፈቃዱ በሚሠራበት ሰሞን፣ በሩጫው ዕለት ታናሽ እህቴ ከመሐል ሕዝቡ ደወለች።

«ጋሼ፣ ስማው እስቲ!» አለችና ስልኩን ወደ ላይ ያዘችው።

የብዙ ሺህ ሰው እግርና ድምፅ ተቀላቅሎ ይሰማ ነበር። አባቴ ምድጃ ዳር ነበርና ስልኩን ተቀብሎኝ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አዳመጠ።

«ማን ነው የሚያወጣው?» አላት።

«አይታወቅም አባዬ፤ ሁሉም ያወጣል።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ተቀባይ እንጂ አውጪ የላችሁም» አለ። ደግሞ ጥቂት አዳመጠና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይኸኛው ቤት አልመታም» አለኝ።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገ። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ባናውን አስተካክሎ፣ በስልኩ ውስጥ ለእህቴ ሁለት ስንኝ አወጣላት። ስንኞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ደብተር ላይ ምን እንደሚሆኑ ነግሬያችኋለሁ። «መንገድ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ እንደሚገባባቸው፣ አንዱ እነርሱ የሚሮጡበት አስፋልት፣ ሌላው የእኛው የተዘጋው መሆኑን ብቻ ልበል። እህቴ ሳቀች፤ ዝም አለች፤ ቀጥላ ከስልኩ ራቅ ብላ በመንዝ ድምፅ ጮኻ ስታወጣው ሰማናት። አንድ ሦስት ሰው ያህል ተቀበለ። ከዚያ የሚበዙ መሰሉ። አባቴ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ሊያስከትል ሲል ስልኩ ተቋረጠ።

«ተቀበሉት?» አለኝ።

ሦስት ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ማታ ማታ ስልኩን ከኪሴ እያስወጣ ብርሃኑን ያይ ነበር። በአራተኛው ቀን እህቴ ስትደውል፣ ገና ሰላምታ ሳልጨርስ ከእጄ ወሰደው።