ሲሶው ዛሬ ለማን ነው? ስለ ሃይማኖት ልዩ መብት፣ ከሃይማኖት የለሾች ወገን

ጓዶች፤

በዚህ መጽሔት ገጾች ስለ መሬት፣ ስለ ብሔረሰቦች፣ ስለ ስደተኛው መብት ብዙ ተጽፏል። አንዱን ጉዳይ ግን ሁላችንም ዙሪያውን እንዞረዋለን እንጂ አንገባበትም። ይኸውም በመካከላችሁ በእግዚአብሔርም በአላህም የማናምን ሰዎች መኖራችን ነው። በሲያትል፣ ማውንት ቤከር በሚገኘው የጥናት ክበብ የምንሰበሰብ ጥቂቶች ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ማንንም ከእምነቱ ለማስወጣት አይደለም። የምእመኑ ጾምም ሆነ ሶላት የራሱ ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ መንግሥትና ሃይማኖት ተለያይተዋል በተባለበት ኅብረተሰብ ውስጥ አማኙ፣ አማኝ ስለሆነ ብቻ፣ ሌላው የማያገኘውን ለምን ያገኛል?

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። እናታችን ደጅ ስትሳለም ልዩ መብት አልያዘችም፤ ጎረቤታችን ለጁምዓ ሱቁን ሲዘጋም ማንንም አልበደለም። ልዩ መብት የምንለው በሕግ፣ በገንዘብ ወይም በሥልጣን የተደገፈውን ብልጫ ነው።

በሀገራችን ይህ ብልጫ ስም ነበረው። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይባል ነበር። በአባባሉ መሠረት መሬቱ ለሦስት ሲከፈል አንዱ እጅ የሰማይ ድርሻ ነው ይባል ነበር። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረጋት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ምን ጊዜም የዚያች እምነት ተከታይ እንዲሆኑ፣ ስማቸውም በጸሎት ሁሉ እንዲጠራ ደነገገ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህችው ቤተ ክርስቲያን በአንቀጽ 398 በቀጥታ የሕግ ሰውነት ሲሰጣት ሌሎቹን ሁሉ ወደፊት በሚወጣ ልዩ ሕግ ይተዳደሩ ብሎ አለፋቸው። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌላውያን ካውንስል በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኙት በ2012 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት ማለት ነው! ልዩ መብት ዙፋን ከወደቀም በኋላ በአንቀጽ ተጠግቶ እንደሚኖር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሰፊው ሕዝብ ግን ዝም አላለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለሃይማኖት እኩልነት አደባባይ ሲወጡ፣ ክርስቲያኖችና ተማሪዎች አብረዋቸው ተሰልፈዋል። የተማሪው እንቅስቃሴ ሊኮራባቸው ከሚገቡ ቀኖች አንዱ ይህ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ የቤተ ክህነቱም ጉልት አብሮ አከተመ፤ የእስልምና በዓላትም በብሔራዊ በዓልነት ታወቁ።

ሆኖም ያው ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። በሐምሌ 1971 እርሳቸውም፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። ይህን በሃይማኖት የለሽነት ስም የሚያወድስ ቢኖር ከእኛ ወገን አይደለም። መንግሥት በጠመንጃ አለማመንን ሲያውጅ ልዩ መብት ካባውን ለወጠ እንጂ አልሞተም። መንግሥት መጸለይ የለበትም ስንል፣ የሚጸልየውንም አይምታ ማለታችን ነው።

አሁን ያለው የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ጥሩ ቃል ነው። ነገር ግን የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 816 እንመልከት፤ በአደባባይ በሃይማኖት፣ በመለኮት ወይም በሃይማኖት ሥርዓት ላይ በቃልም ሆነ በምልክት የተሳለቀ ሰው በመቀጮ ወይም ከአንድ ወር በማይበልጥ እስራት ይቀጣል። ሰባኪው በድምፅ ማጉያ ከሃዲውን ሲያወግዝ ግን የሚከሰው የለም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5 ከመቶ፣ ሙስሊም 33.9 ከመቶ ተብሎ ሲዘረዘር «ሌሎች» የተባለው መስመር ከመቶ አንድ አይሞላም። እኛ ካለን በዚያች መስመር ውስጥ ተጨናንቀን ነው።

አንዳንድ ጓዶች «ታዲያ ጥያቄው የጥቂት ምሁራን ጥያቄ ነዋ!» ይሉናል። አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. በአክሱም ከ150 በላይ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ለፈተና ሳይመዘገቡ እንደቀሩ ሰምተናል። የተሰጠው ምክንያት የአለባበስ ደንብ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ እገዳው እንዲቆም ማዘዝ ነበረበት። የዚያች ከተማ ሙስሊሞች ለትውልዶች መስጊድ እንዳይሠሩ ተከልክለው፣ ሙታናቸውን ከከተማ ውጭ ሲቀብሩ ኖረዋል። በዚህ ጉዳይ ሃይማኖት የለሹ ከማን ጋር ይቆማል? ያለ ማመንታት ከልጃገረዶቹ ጋር! የአንዱ ሃይማኖት ብልጫ መጀመሪያ የሚጫነው በሌላው አማኝ ላይ ነው፤ እኛ ላይ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ስደቱ ሀገር እንምጣ። አሜሪካ የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየት አብነት ናት ሲባል እንሰማለን። ግማሹ እውነት ነው። የዋሽንግተን ስቴት ሕገ መንግሥት ከእ.ኤ.አ. 1889 ጀምሮ የሕዝብ ገንዘብ ለአምልኮ እንዳይውል፣ ማንም ሰው በሃይማኖት አስተያየቱ ምክንያት ከምስክርነት ወይም ከዳኝነት ሸንጎ እንዳይገለል ከልክሏል። በ1961 የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በእግዚአብሔር አምናለሁ ብሎ ቃል ባለመስጠቱ የሕዝብ ውል አዋዋይነት የተከለከለውን የሜሪላንድ ሰው መብቱን መልሶለታል። እነዚህ ድሎች ናቸው።

ሁለተኛው ግማሽ ግን አለ። በ1954 በባንዲራው ቃል ኪዳን ላይ የእግዚአብሔር ስም ተጨመረ፤ በ1956 «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሀገሪቱ መፈክር ሆነ። በ2022 ከሲያትል በጀልባ አንድ ሰዓት በምትርቀው ብሬመርተን፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ ከኳስ ጨዋታ በኋላ በሜዳው መካከል መጸለዩ መብቱ ነው ተብሎ 6 ለ3 ተፈረደለት። አሠልጣኙ ተንበርክኮ ሳለ የቡድኑ ልጅ ቆሞ መቅረት ምን ያህል ይከብደዋል? ፍርዱ ግን የግዳጅ ማስረጃ የለም ብሎ አለፈው። ከሁሉ የሚገርመው ግን የሒሳቡ ጉዳይ ነው። እንደ እኛ ያለ ትንሽ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ማቅረብ አለበት፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ካቋረጠ ከግብር ነፃነቱን ያጣል። ቤተ አምልኮ ግን የሚሊዮን ብር ሕንፃ ቢኖረውም ይህን ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ የለበትም። ሲሶ ለቀዳሽ እዚህም መልኩን ለውጦ አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በሬኒየር ጎዳና ላይ ለሚወርድ አዲስ ስደተኛ የሚከራይ ክፍል፣ የሥራ ወሬ፣ አስተርጓሚ፣ ለልጁ የአማርኛ ትምህርት የሚገኘው በአብዛኛው በቤተ እምነት በር ነው። ቤተ እምነቶቹ ይህን በመሥራታቸው ልናመሰግናቸው ይገባል፤ ማንም ባልነበረበት ጊዜ ተገኝተዋል። ነገር ግን ሌላ በር ከሌለ ዕርዳታው መሳለሚያ ይሆናል። የማያምነው ሰው ወይ ይመስላል፣ ወይ ይርቃል።

አምና ከክበባችን አንድ ጓድ አረፈ። ፍትሐት እንዳይደረግለት በጽሑፍ ተናዞ ነበር። ለኀዘን የምንቀመጥበት አዳራሽ ስንጠይቅ፣ ካህን የማይገኝበትን ኀዘን አናስተናግድም ተባልን። እናቱ በስልክ «ልጄ እንደ ውሻ ሊጣል ነው ወይ?» ብለው አለቀሱ። ለእርሳቸው ንድፈ ሐሳብ አልነገርናቸውም። «እማማ፣ እኛ አለን፤ አንጥለውም» አልናቸው። አልጣልነውምም። ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል አንድ ዲያቆንና አንድ ሙስሊም የታክሲ ሾፌር ነበሩ። ኑዛዜውን በመቃብሩ ላይ አነበብነው፤ ንፍሮውን በአንዱ ጓድ ቤት በላን። እናቱ በሀገር ቤት በአርባው ቀን አስፈቱለት፤ ለዚያም አዋጥተን ላክን። የእርሱ ቃል በእርሱ ቀብር ተከበረ፤ የእናቱ እምነት በእናቱ ደጅ ተከበረ። መለያየት የምንለው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የተወሳሰበ አይደለም።

ስለዚህ አቋማችን የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ አንቀጽ 11 ከወረቀት ወርዶ በትምህርት ቤት፣ በመቃብር ቦታና በመሬት ድልድል ለሁሉም እምነትና ለማያምነውም እኩል ይሥራ። ሁለተኛ፣ ሕግ ሰውን ከጥቃት ይጠብቅ እንጂ ሐሳብን ከትችት አይጠብቅ፤ ስለዚህ አንቀጽ 816 ይሰረዝ። ሦስተኛ፣ ከሕዝብ ግብር ነፃ የሆነ ድርጅት ሁሉ፣ መስቀል ቢሰቅልም ባይሰቅልም፣ ሒሳቡን ለሕዝብ ያሳይ።

አራተኛው የእኛው የራሳችን ሥራ ነው። አባቶቻችን ሁለት ነገር ለይተው ያውቁ ነበር፤ ማኅበር በጻድቁ ወይም በመልአኩ ስም ይጠጣል፣ እድር ግን በጉርብትና ይቆማል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ እድር ድንኳን ሥር ሲያለቅሱ ኖረዋል። ማንም ተነሥቶ «ምን ታምናለህ?» አላላቸውም፤ የሚጠየቀው መዋጮው ብቻ ነበር። በማውንት ቤከር እንዲህ ያለ እድር ጀምረናል፤ እስካሁን አሥራ አንድ አባላት አሉን፣ ከእነዚህም ሰባቱ አማኞች ናቸው። በየከተማችሁ ያላችሁ ጓዶች የየራሳችሁን ብትመሠርቱ ድንኳንና ልምድ እንዋሳለን።

«ሃይማኖት የግል ነው፣ ሀገር የጋራ ነው» የሚለው ቃል በንጉሡ ዘመን ሲነገር አንቀጽ 126 በሥራ ላይ ነበር። ቃሉ ያን ጊዜም እውነት ነበር፤ የጎደለው ፈጻሚ ነው።

ሃይማኖት የግል፣ ሀገር የጋራ፣ እድርም የሁሉም ይሁን!