በርሜሉ ከየት መጣ? ቅኝት በምን አለሽ ተራ

መርካቶ ገብቶ ምን አለሽ ተራን ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም፤ መዶሻው ራሱ ይጠራል። ጠጋ ሲሉ ድምፁ ይለያያል፦ ቆርቆሮ የሚያቃናው ቀጠን፣ ፈጠን ይላል፤ በርሜል የሚቀደው ወፍራምና ዝግ ያለ ነው። በጠባቡ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ጀሪካን፣ ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ የተቃና ሚስማር፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ተደርድሯል።

ብዙው ዕቃ እዚህ የደረሰው በቆራሌው ትከሻ ነው። «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ በየሰፈሩ ሲመላለስ አጥሮ «ቆራሌው» ሆነ፤ የጠሪው መጠሪያም ሆኖ ቀረ። እሱ ከየቤቱ ገዝቶ በማዳበሪያ ያመጣል፣ ነጋዴው ለይቶ ይመዝናል፣ ባለሙያው ይቀጠቅጣል።

አንድ ሽማግሌ ባለሙያ አጠገብ ቆምኩ። በርሜሉን አጋድመው ከንፈሩን በመሮ እየተከተሉ ይቀዱታል። አጠገባቸው ካለቀው ከሰል ማንደጃ ጎን ላይ የፋብሪካው ሰማያዊ ቀለምና ተቆርጦ የቀረ ግማሽ ፊደል ይታያል። «ጋሼ፣ ይሄ ከየት የመጣ ነው?» አልኳቸው። መጀመሪያ በጣታቸው አንኳኩት። «የጋራዥ ነው ልጄ፤ የሞተር ዘይት የነበረበት። ወፍራም ስለሆነ እሳት ቶሎ አይበላውም።»

ከወዲያኛው መደብ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አነሣሁ። ፋብሪካው የማንም ይሁን የማን፣ በእኛ አፍ «ሃይላንድ» ነው። ቂጡ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር አለ፤ ፔት የተባለው ፕላስቲክ ነው ማለት ነው። ባርኮዱን በስልክ ቢያነቡት የመጀመሪያዎቹ አኃዞች ድርጅቱ ቁጥሩን ያስመዘገበበትን አገር ይጠቁማሉ እንጂ ዕቃው የተመረተበትን አይናገሩም። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦፕን ፉድ ፋክትስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች የመረጃ ቋት የተመዘገበን ምግብና መጠጥ ይዘትና ማሸጊያ ያሳያል። ፕላስቲኩ ከተጣለ በኋላ በማን እጅ እንዳለፈ ግን ባርኮዱ አያውቅም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከሩ አሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤምአይቲ ተመራማሪዎች በሲያትል ከተማ 3,000 ያህል የቆሻሻ ዕቃዎች ላይ ጠቋሚ መሣሪያ አስረው መንገዳቸውን ተከታትለዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሁሉ በኪውአር ኮድ የሚከፈት ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው ደንግጓል።

መልካም ሥራ ነው፤ ለእኛም እንዲደርሰን እመኛለሁ። ሲደርስ ግን ቆራሌውና ባለሙያው ስማቸው የሚጻፍበት መስመር ይኑረው። «ቀጥቃጭ» እያልን ለዘመናት ያዋረድነው እጅ ነው ጥለን የረሳነውን ዕቃ ሁለተኛ ዕድሜ የሚሰጠው። ቀለሙና ግማሹ ፊደል ከሰል ሲነድበት ይለቃሉ፤ የብረቱን ውፍረት በጣታቸው አንኳኩተው የሚያውቁት ሰው ግን አሁንም እዚያው ተራ አሉ። ሄዶ መጠየቅ፣ የነገሩንንም መመዝገብ የእኛ ፋንታ ነው።