አንድ ቆጣሪ ለአምስት በር

በምንኖርበት ግቢ ለአምስት በር ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ የተሰካ እንደ ሆነ ብሬከሩ ይወርዳል፤ እኛም ጥናታችንን በሻማ እንጨርሳለን። አንዱ ምጣድ ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ መስመሩን መውቀስ አይገባም። ስለዚህ አከራያችን እትዬ ተራ አወጡ፤ ማክሰኞና ዐርብ ማታ እንጀራ የሚጋገርበት ስለ ሆነ የኛ ምድጃ አይሰካም። ከዚያ ወዲህ ብሬከሩ ወርዶ አያውቅም።

አንባብያን ሆይ፤ ይህ የእትዬ ሥራ በሌላው ዓለም የታወቀ ንግድ መሆኑን የሰማነው በትምህርት ክፍላችን ነው። ነጋዴውን «የፍላጎት ሰብሳቢ» እንበለው። አንድ ቤት የውሃ ማሞቂያውን ለአንድ ሰዓት ቢያጠፋ ማንም አያውቅለትም፤ ዐሥር ሺህ ቤት ያጠፋ እንደ ሆነ ግን አንድ አነስተኛ ማመንጫ እንደ ተሠራ ይቆጠራል። ሰብሳቢው ይህን ጥቃቅን ቅነሳ አከማችቶ ለገበያ ይሸጣል፤ ከዋጋውም ለየቤቱ ያካፍላል። የአንድ ሰፈር መስመር ጭነት ሲበዛበትም አከፋፋዩ ኩባንያ አዲስ ገመድ ከመቅበር ይልቅ ቅነሳውን ከዚያው ሰፈር ሊገዛ ይችላል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022/23 የብርድ ወራት 1.6 ሚሊዮን ቤቶችና ድርጅቶች በዚህ ዓይነት ገብተው ከ3,300 ሜጋ ዋት ሰዓት በላይ ቀንሰዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ደንበኛው የመብራት ሻጩን ሳያስፈቅድ ከሰብሳቢ ጋር እንዲዋዋል መብት ሰጥቷል።

ጭንቁ ልኩ ላይ ነው። የተጠቀሙበትን ቆጣሪው ይናገራል፤ ያልተጠቀሙበትን ማን ይናገራል? በዚያ አገር ያለፉትን ቀኖች ፍጆታ አይተው «ዛሬም ይህን ያህል ይፈልግ ነበር» ብለው ይገምታሉ፤ ከግምቱ ለጐደለው ይከፍላሉ። በኛ ግቢ ግን ከመካከላችን አንዱ ለፋሲካ አገር ቤት ዐሥር ቀን ሰንብቶ ሲመለስ «ድርሻዬ ይቀነስልኝ» ቢል፣ እትዬ «ቢዘጋም በር በር ነው» አሉት። ከፈለ።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ከደረጃ ወደ ደረጃ ስለሚወጣ፣ አምስት ድኻ በአንድ ቆጣሪ ተደምሮ እንደ አንድ ባለጸጋ ይከፍላል። እዚያ መሰብሰብ ያስከፍላል ለሌላው፤ እዚህ መሰብሰብ የሚያስከፍለው ራሳችንን ነው።

በየበሩ የውስጥ ቆጣሪ እንዲገባልን፣ ወጪውንም እንድንካፈል ለእትዬ ነግረናቸዋል። «ከበዓል በኋላ እናያለን» ብለዋል፤ የትኛው በዓል እንደ ሆነ አልጠየቅንም። እስከዚያው ድረስ ማክሰኞና ዐርብ ሊጠይቀን የሚመጣ ጓደኛ ሻይ አይጠብቅ።