ሽፋኑ ላይ ስምህ አለ፤ ሥራው ውስጥስ?

እኛ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ ሄደን አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ክፍል የተማርን ጓደኛሞች ነን። ለዒድ ሆሳዕና ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ «ግሩፕ አሳይመንት» ላይ ይደርሳል።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ለስድስት እንመደባለን። አንዱ ጎበዝ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ አንዱ የፕሪንት ብር ያዋጣል፣ የቀሩት ስማቸውንና አይዲ ቁጥራቸውን በቴሌግራም ይልካሉ። ማርኩ ለሁሉም እኩል ነው። «1 ለ 5» ሲባል ጎበዙ ሌሎቹን እንዲያስተምር ታስቦ ነበር፤ እኛ ጎበዙ ለሌሎቹ እንዲሠራ አደረግነው።

በማንም አናሳብብም። አንድ የማይመጣ ወንድማችን ነበር። «ያሳዝናል፣ ይጻፍለት» እያልን ስሙን የጻፍነው እኛው ነን። ውለታ መስሎን ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጣ። ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው እያንዳንዱ ብቻውን ነው፤ 50 ከመቶውንም ብቻውን ማምጣት አለበት። ወንድማችን አላለፈም። «ያኔ ስሜን ባትጽፉልኝ ይሻለኝ ነበር» አለን። መልስ አልነበረንም። ያልሠራን ሠርቷል ብሎ መጻፍ አማናን ማጉደል መሆኑ የገባን ያን ቀን ነው።

እናቶቻችን እንሰት የሚፍቁት ተሰባስበው ነው። ግን እያንዳንዷ የያዘችው ሥራ አላት፤ የቀረች ወዲያው ትታወቃለች። ትንሿ ልጅም አጠገባቸው ሆና እየሠራች ትማራለች። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር አሜሪካ፣ ኦስቲን ከተማ የሞከረው ዘዴም ከዚህ አይርቅም። ትምህርቱ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ድርሻውን አጥንቶ ጓደኞቹን ያስተምራል፤ ፈተናው ሲመጣ ግን ሁሉም ከሁሉም ክፍል ይጠየቃል።

እናንተ ገና በትምህርት ላይ ያላችሁ፣ ይህችን ያዙልን። ማን ምን እንደሚሠራ በመጀመሪያው ቀን ጽፋችሁ ተከፋፈሉ። ከማስረከባችሁ በፊት ተቀምጣችሁ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ሳይሆን የጓደኛችሁን ክፍል አስረዱ፤ ማስረዳት ያቃተው ካለ ሥራው አላለቀም። ቀጠሮውን እህቶቻችን ሊመጡ በሚችሉበት ሰዓት አድርጉት፤ እኛ የማታ ቀጠሮ ይዘን «አልመጡም» ብለን እናማቸው ነበር። የጠፋ ጓደኛ ካለ ደግሞ ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉለት። ምናልባት ሰንፎ ሳይሆን ትምህርቱ አልገባው ብሎ፣ መጠየቅም አፍሮ ይሆናል።

እኛ አሁን ከወንድማችን ጋር ለድጋሚ ፈተናው አብረን እያጠናን ነው። ቢዘገይም ግሩፕ የሆንነው ገና አሁን ነው።