የወረታው አሮጌ ምግብ ቤት ስለ ምን ይወደዳል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የጣናን ባሕር በስተግራው አድርጎ ወደ ሰሜን ሲጓዝ፥ የጉማራን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ወደ ወረታ ከተማ ይደርሳል። ከዚህችው ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በደብረ ታቦር በኩል አድርጎ ወደ ወልድያ ይዘልቃል። ወረታ እንዲህ የመንገድ መገናኛ ስለ ሆነች፥ ሹፌሩም ነጋዴውም ባለጉዳዩም እህል ሳይቀምስ አያልፍባትም።

ዛሬ በከተማይቱ ፎቅና መስተዋት ያላቸው ሆቴሎች ተሠርተዋል። ነገር ግን ሰው ሲራብ እግሩ ወዴት እንደሚያመራ የተመለከተ እንደ ሆነ፥ ብዙው ወደ አሮጌዎቹ ቤቶች ሲያቀና ያያል። እኔ ከማውቃቸው አንዱ ግድግዳው የጭቃ፥ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ፥ መቀመጫውም ብዙ ሰው ስለ ተቀመጠበት መካከሉ የጎደጎደ አግዳሚ ነው። የምግብ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት የለውም። ደንበኛው «እትዬ፥ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ እመቤቲቱ «የጾም ነው የፍስክ?» ብላ መልሳ ትጠይቀዋለች። ምግቡ በዚሁ ጥያቄ ይወሰናል፤ በጾም ሽሮ ወይም ምስር፥ በፍስክ ቀን ደግሞ ሥጋ ወይም እርጎ ይቀርባል።

እንግዲህ ይህ ቤት ስለ ምን ይወደዳል? አሮጌነት ብቻውን የሚወደድ ነገር አይደለም። ፊተኛው ምክንያት እንጀራው ነው።

ሩዝ ለፎገራ የጥንት እህል አይደለም። ሜዳው ቀድሞ በይበልጥ የታወቀው ፎገራ በሚባሉት የወተት ላሞቹ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት የሰሜን ኮርያ የእርሻ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝን አስለመዱ፤ ኤክስ ጅግና የተባለውም ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቦታ ነው። በክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ አስቸጋሪ ቢሆንም ለሩዝ ግን ምቹ ሆኖ ተገኘ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ዛሬ በፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ።

አዲሱን እህል የመሬቱ ባለቤት ሲቀበለው፥ ምጣዱ እንዲቀበለው ያደረጉት ግን ሴቶች ናቸው። ሩዝ ብቻውን የተጋገረ እንደ ሆነ ትኩስ ሳለ ነጭና ያማረ ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቃል፥ ሲጠቀለልም ይሰበራል። ስለዚህ ከጤፍ ጋር ይቀላቅሉታል። ሊጡ ከትናንቱ ቡሖ በተረፈው እርሾ ይቦካል፤ አብሲት ይጣልበታል፤ ምጣዱም በጎመን ዘር ከታሰሰ በኋላ ይጋገራል። የዚህ ቤት ምጣድ ለብዙ ዘመን የተሟሸ ስለ ሆነ እንጀራው አይጣበቅበትም፤ ዓይኑም ከዳር እስከ ዳር ይወጣል። በደቡብ ህንድም ሩዝን ከጥራጥሬ ጋር አቡክተው በምጣድ የሚጋግሩት ዶሳ የሚባል ምግብ አለ። ፎገራም ሳታውቀው የሩቅ ዘመድ አግኝታለች ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚያሳየን፥ አሮጌው ቤት አዲስ ነገርን የሚንቅ ሳይሆን አዲሱን በአሮጌው ጥበብ የሚያለምድ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አግዳሚው ነው። ሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሓፊነት ስለ ሆነ ባለጉዳዮችን በየቀኑ አያለሁ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ደለሉ የድንበሩን ምልክት ይሸፍናል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺሕ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ውሃው ከሸሸ በኋላ ጎረቤትና ጎረቤት ስለ ድንበር ይካሰሳል። ጧት በችሎት ፊት ሲሟገቱ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች፥ ቀትር ሲሆን በዚያው ቤት በአንዱ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሌላ መቀመጫ የለምና። አንደኛው ምግቡ ቀድሞ ሲቀርብለት ሌላውን «እንብላ» ሳይለው ሊቆርስ አይችልም፤ በአገራችን ልማድ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ብቻን መብላት ነውር ነውና። ይህ ፍርድ አይደለም፤ ድንበርም አይለይም። ከዚህ ማዕድ ተነሥተው በሽማግሌ የታረቁ አይቻለሁ፤ እንደ ተኳረፉ የሄዱም አይቻለሁ። ነገር ግን «እንብላ» የሚለውን ቃል ሊያስወጣቸው የቻለ ሌላ ቦታ በከተማው ውስጥ አላየሁም። ቀጠሮው ተላልፎበት ስንቁ ያለቀበትም ሰው በዱቤ ይበላል፤ ሒሳቡም ከበሩ ኋላ በከሰል ይጻፍለታል።

ቤቱን ስናመሰግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። ማገዶው ኩበትና እንጨት ስለ ሆነ ጭሱ ለጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ጠንቅ ነው። ጢስ ማውጫ ማበጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የእንጀራውንም ጣዕም አይቀንስም። ከተማ ሲያድግ የጭቃ ግድግዳ መፍረሱ አይቀርም፤ ስለ ጭቃውም ማዘን አያስፈልግም። የሚያሳዝነው እመቤቲቱ የምታውቀውን ልጇ ሳትማር፥ ረዥሙም አግዳሚ በየአንዳንዱ ወንበር ተተክቶ ሰው ለየብቻው እንዲበላ የሆነ እንደ ሆነ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው እርሾውንና አግዳሚውን ይዞ ይግባ።

በወረታ ለሚያልፍ መንገደኛ አንድ ምክር ልስጥ፤ ከሰባት ሰዓት በፊት ድረስ፥ ከዚያ በኋላ እንጀራው ያልቃል።